ክዳኑ ሳይከፈት የተሸተተው ወጥ

ሥራዬን ሰው ሲጠይቀኝ «ጸሐፊ ነኝ» እላለሁ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የጠያቂው ፊት በአንዴ ይፈካና «ምን ምን ጻፍክ?» ይላል። «የልብስ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ አንድ ሁለት ማቀዝቀዣ...» ብዬ መዘርዘር ስጀምር የፈካው ፊት ቀስ እያለ ይከስማል። አዎ፣ ዕቃ ስትገዙ ካርቶኑ ሥር የምትገኘውን፣ ገልጣችሁ ሳታዩ ከፌስታሉ ጋር የምትጥሏትን ቀጭን መጽሐፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። አልቀየማችሁም፣ ለምጄዋለሁ። ይህን ገጠመኜን ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትጥሉት አደራ።

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ነው፣ ሞባይል ያለው ሰው ስልኩን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ይዞር በነበረበት ዘመን። ካሳራኒ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት ሙዚቃው ጥርስ በሚያንቀጠቅጥ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተጭኜ መሃል ከተማ የምገባ፣ ሥራ ገና ያገኘሁ ወጣት ነበርኩ። የምሠራበት ድርጅት የቤት ዕቃ ከውጭ እያስመጣ ለኬንያና ለጎረቤት አገሮች ይሸጣል። ባለቤቱ ሚስተር ጃያንት ይባላሉ፤ አያታቸው ከህንድ የመጡ፣ እሳቸው ግን ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ፣ ሲደራደሩ በእንግሊዝኛ፣ ሲቆጡ በስዋሂሊ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ለሥራው ሲፈትኑኝ ጎበዝ ለመምሰል ብዬ «ጥሩ መመሪያ ማለት ጸሐፊው አጠገቡ ሳይቆም ሰው ሊሠራበት የሚችል ነው» አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ያቺ አነጋገሬ ዞራ እኔኑ እንደምትይዘኝ ማን በነገረኝ።

የተቀጠርኩት ለሙከራ ነው። ካለፍኩ ድርጅቱ የሥራ ፈቃድ ያወጣልኛል፤ ከወደቅኩ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የሞያሌን መንገድ መያዝ ነው። ፈተናዬ ደግሞ አንድ ድስት ሆነ።

ድስቱ ፕሬዠር ኩከር ነው። ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ እንፋሎቱ ውስጡ ይታመቅና እልኸኛውን ሥጋ ሳይቀር ቶሎ ያበስላል፣ ሲበዛበት ደግሞ አናቱ ላይ ያለችው ማፏጫ እያፏጨች ታስተነፍሰዋለች። አማርኛውን መመሪያ እኔ ጻፍኩት እባል እንጂ እውነቱን ለመናገር ለሦስት ነው የጻፍነው። ሚስተር ጃያንት ሽፋኑ ላይ «ሽታ የማያወጣ» የሚል እንዲገባ አዘዙ። ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ከዚህ የበለጠ መሸጫ የለም ባይ ናቸው። ሦስተኛዋ የሽያጭ ኃላፊያችን ዋንጂሩ ነበረች። ምግብ በመሃል ለማየት የፈለገ ሰው ክዳኑን እንዴት እንደሚከፍት ጽፌ ሳሳያት «አውጣው» አለችኝ።

«ለምን?»

«መክፈት ይቻላል ብለን ከጻፍን ይከፍቱታል። ሲከፍቱት ያቃጥላቸዋል።»

ሌላ ቦታ ስትሠራ እንዲህ ያለ ድስት እጇን ያቃጠላትን ደንበኛ ሆስፒታል ሄዳ የጠየቀች እሷ ናት። ስለዚያች ሴት ስታነሳ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አልተከራከርኳትም። በየገጹ «ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ» የሚል ወፍራም ጽሑፍ ገባ።

አሁን እትዬ በለጡን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ በለጡ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፤ ከምግብ ቤቱ ጎን ለጎን ደግሞ የቤት ዕቃ እየጫኑ አዲስ አበባ ይልካሉ። ድስቱን ከወደዱት በመኪና ሙሉ ሊወስዱ ነው። ሚስተር ጃያንት ቢሮ ተጠርተው ቡና ሲጋበዙ «ዕቃ የምገዛው በወሬ አይደለም፤ ወጥ ቤቴ ይዛችሁት ኑ፣ ቅዳሜ ሥራ አለኝ» አሉ።

ቅዳሜ ያሉት ቀዳም ስዑርን ነው፣ የፋሲካን ዋዜማ። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ እሳቸው ዘንድ ጾም የሚፈታ ብዙ ነው። ዶሮዎቹ ደግሞ ኪየንየጂ የሚባሉት የኬንያ የአገር ዶሮዎች ናቸው፤ ሲሯሯጡ ያደጉ፣ ከሞቱም በኋላ እጅ የማይሰጡ።

ከቀትር በኋላ ደረስን። ሚስተር ጃያንት ወጥ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩትና የሽንኩርት ጆንያዎቹ የተደረደሩበትን ጥግ አሳዩኝ። «አንተ እዚያ ቁም። ጥሩ መመሪያ ጸሐፊውን አይፈልግም ብለኸኛል። አንድ ቃል ከተናገርክ መመሪያው ወደቀ። መመሪያው ከወደቀ...» አሉና ተዉት። የቀረውን እኔው በሆዴ ጨረስኩት።

እትዬ በለጡ ሽንኩርቱን ከማለዳ ጀምረው አቁላልተው፣ በርበሬውንና ቅቤውን አዋህደው ጠብቀውናል። መነጽራቸውን አደረጉና መመሪያዬን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ሰው የጻፈውን ከፊቱ ሲያነቡበት ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። ኮማ የረሳሁባት ቦታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው የእኔም አጠረ።

«ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ» ብለው አነበቡና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩኝ። «ፈጽሞ? ታዲያ ወጡን የምናወጣው በየት በኩል ነው፣ ምትኩ?»

ዝም።

«ምነው? ከምግቡ አልፈህ ከወሬም አክፍለሃል እንዴ?»

አሁንም ዝም። ዋንጂሩ የሳቅኩ መስሏት በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እኔስ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ቁሌቱን ወደ ድስቱ ገለበጡ፣ ታጥቦ የጠራውን ዶሮ አስገቡ፣ ክዳኑን እንደተጻፈው ገጠሙት፣ ጋዙን ለኮሱ። እስከዚህ ድረስ መመሪያዬ እንደ ዕንቁ አበራ። ሚስተር ጃያንት ራሳቸውን ወደ እኔ ነቅነቅ አደረጉ። ፈቃዴ በኪሴ የገባ መሰለኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ በለጡ መቁነጥነጥ ጀመሩ። ወደ ድስቱ ይጠጋሉ፣ አፍንጫቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ይመለሳሉ። ድስቱ ገና አላፏጨም፤ አዲስ ስለሆነ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ ምንም አይሸትም። አሁንም ጠጋ አሉ። ከዚያ ክዳኑን በጨርቅ ጨብጠው ይታገሉት ያዙ። አልንቀሳቀስ ሲላቸው ዘወር ብለው ከሙቀጫው ዘነዘናውን አነሱ። እጀታውን መትተው ሊያላቅቁት ነው።

በውስጡ ምን እንደታመቀ አውቃለሁ። ዋንጂሩ ፊቷ ሲገረጣ አየሁ፤ አማርኛ ባትሰማም ዘነዘና ለምን እንደሚነሳ ገብቷታል። ስለ ፈቃዱ አሰብኩ ብል ልዋሽ ነው፣ ጊዜም አልነበረኝም። ከጆንያው ጥግ ዘልዬ በእሳቸውና በድስቱ መሃል ገባሁ።

«እትዬ፣ እንዳይነኩት! ይፈነዳብዎታል።»

ዘነዘናው አየር ላይ ቀረ።

«ኡመሴማ» አሉ ሚስተር ጃያንት በስዋሂሊ። ተናገርክ ማለታቸው ነው።

ጋዙን ዝቅ አደረግኩት። እትዬ በለጡን ግን ከድንጋጤ ቀድሞ የያዛቸው ንዴት ነው።

«የሚፈነዳ ነገር ነው እንዴ ወጥ ቤቴ ያመጣችሁብኝ?» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማቸው በስዋሂሊ።

«ካልተከፈተ አይፈነዳም» አለች ዋንጂሩ በስዋሂሊ። «ለዚህ ነው እኮ አይክፈቱ ብለን የጻፍነው።»

«እንዴት አልከፍትም? እኔ አክፍያለሁ፣ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አፌ አልገባም፣ ፋሲካ እስኪገባም አይገባም። ወጡን መቅመስ አልችልም። የፋሲካ ወጥ የሚሠራው በአፍንጫ ነው። ጨው ይጉደለው አይጉደለው፣ በርበሬው ይብሰል አይብሰል የማውቀው ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አሽትቼ ነው።»

ሚስተር ጃያንት ይህን ሲሰሙ ሽያጩን የሚያድኑ መስሏቸው በኩራት «ይህ ድስት ሽታ አያወጣም» አሉ።

«እሱ ነው እኮ ጉዱ!»

አንባቢዎቼ፣ እስቲ ቆም ብላችሁ እዩኝ። ከጀርባዬ የሚንተከተክ ድስት፣ በቀኜ «ያላሸተትኩትን ወጥ ለሰው አላቀርብም» የሚሉ እትዬ በለጡ፣ በግራዬ «ያ ክዳን አይከፈትም» የምትል ዋንጂሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዷ ብትሸነፍ አንድ ድግስ ይበላሻል፣ ሌላዋ ብትሸነፍ አንድ እጅ ይቃጠላል። እኔ ፈተናዬን ወድቄ መሃል ቆሜያለሁ። ከወደቅኩ አይቀር ግን ዝም ብዬ የምቆምበት ምክንያት አልነበረኝም።

«እትዬ፣ የሚፈልጉት መክፈቱን ነው ማሽተቱን?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው? ላሽትት ነዋ። መክፈቱ ምን ያደርግልኛል።»

«እንግዲያው ትንሽ ይታገሡኝ። ሲያፏጭ ራሱ ይነግርዎታል። ጠጋ አይበሉ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው ይቁሙ።»

ጋዙን መልሼ ከፍ አደረግኩት። ሁላችንም ድስቱን ከበን እንደ ሕፃን እንቅልፍ ጠባቂ ቆምን። በመጨረሻ ማፏጫዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጮኸች፣ ነጭ እንፋሎት ወደ ጣሪያው ተፋች። ቤቱን የዶሮ ወጥ ሽታ ሞላው። ሽፋናችን ላይ ያለው ነገር ውሸት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ደግ ውሸት ነበር። እትዬ በለጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ዝንጅብሉ በዝቷል፣ እሱስ ይሁን» አሉ ቆየት ብለው። «ጨው ግን ይጎድለዋል።»

ደስታዬ አንድ ትንፋሽ ቆየ። ጨው በየት በኩል ይገባል? ሁላችንም ወደ ክዳኑ አየን፣ ከዚያም ወደ ዋንጂሩ።

«አይሆንም» አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ። «ዋንጂሩ፣ የምትፈሪው መከፈቱን ነው ወይስ ሳይበርድ መከፈቱን?»

«ሳይበርድ መከፈቱን» አለች። «ግን ሰው አይጠብቅም። ሆስፒታል ያየኋት ሴትም ጠብቂ ተብላ ነበር። እንግዳ መጣባትና ቸኮለች።»

እትዬ በለጡን አየኋቸው። ይህን ያህል ሥራ እየጠበቃቸው «አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ» ብላቸው ይቀመጣሉ? እንኳን እሳቸው እኔም አልቀመጥ። በዚህ መሃል ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ እንቁላል በትሪ ሙሉ ተቀምጧል፤ ወጡ ውስጥ የሚገባው። አልተላጠም።

«እትዬ፣ እሳቱን ያጥፉና እንቁላሉን ይላጡ» አልኳቸው። «ሳይጨርሱ ድስቱን አይንኩት።»

«እሱማ መላጡ አይቀርም» አሉና ወንበር ሳቡ። የዚህን ወጥ ድርሻ ልጠው ሲጨርሱ በጭልፋ እጀታ ማፏጫዋን ነካ አደረግኳት። እፍ አለች። «ገና ናት» አልኩ። ድንቹን ለሌላው ወጥ ይከትፉ ጀመር። ዳግመኛ ስነካት አልተነፈሰችም፤ ክዳኑን ስይዘው ሳልታገለው ተከፈተልኝ። ዋንጂሩ እስከዚያ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ኖሮ ቁና ቁና ተነፈሰች። እትዬ በለጡ ጨው ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ አሸተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዞር ብለው አዩን።

«ለዛሬ አፍንጫዬን ብቻ አላምንም። ማን ይቅመስልኝ?»

ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። እሳቸው አክፍለዋል፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ሚስተር ጃያንት በሕይወታቸው ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። የዚያን ቤት የፋሲካ ወጥ መቅመስ የምትችል አንዲት ነፍስ ዋንጂሩ ብቻ ነበረች። ጭልፋ ሙሉ ተሰጣት። ዋጠችው። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነችም፤ ከዚያ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፣ አፏን በሁለት እጇ አራገበች፣ ውሃ በብርጭቆ፣ ኋላም በጆግ ተሰጣት።

«ጨዉስ?» አሉ እትዬ በለጡ ያለ ምሕረት።

«ምላሴ ያለ አይመስለኝም» አለች ዋንጂሩ እያለቀሰች። «ጨዉ ግን... ጥሩ ነው። ሥጋውም ለስልሷል።»

ሚስተር ጃያንት አልሳቁም። «ስለዚህ ወሰዱት?» አሉ እትዬ በለጡን።

እትዬ በለጡ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ድስቱ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ግን አልረባኝም። ያስተማረኝ ይሄ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ስልክ በየካርቶኑ አንድ አንድ ምትኩ አሽጌ ልላክ?»

ሚስተር ጃያንት ወደ ጠረጴዛው ተመለከቱ፤ ሌላ የታጠበ ዶሮ ይጠብቃል። «ሁለተኛው ዶሮ መቼ ነው የሚጣደው?» አሉ።

«ይሄን ገልብጬ ድስቱን እንዳጠብኩ።»

«እንግዲያው እሱ ውጭ ይሆናል» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ወረቀቱ ብቻ እዚህ ይቀራል። የመጨረሻ ዕድል ነው።»

ከዋንጂሩ ጋር ምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይዘን ተቀመጥን። እኔ እጽፋለሁ፣ ተርጉሜ አነብላታለሁ፣ እሷ አፍንጫዋን እየጠረገች ትጣላኛለች። «ሲያፏጭ ያሽትቱ» ስል «አንድ ክንድ ያህል ርቀው የሚለው ይቅደም፤ ካሸተቱ በኋላ ርቀት ምን ይሠራል?» አለች። ልክ ነበረች፣ አስቀደምኩት። እሷ ደግሞ «እስኪበርድ ይጠብቁ» እንዲባል ፈለገች፤ እኔ ጠረጴዛውን መታሁ። «የሚጠብቅ ሰው የለም ብለሽኛል። ሥራ እንስጣቸው።» «እሺ፣ እንቁላሉ ይግባ» አለች። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ድስቱ ሲያፏጭ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ቆመው ያሽትቱ። ጨው ከጎደለው እሳቱን ያጥፉና እንቁላሉን ልጠው ይጨርሱ። ከዚያ ማፏጫዋን በጭልፋ እጀታ ነካ ያድርጓት። ከተነፈሰች ገና ነው፣ ያቃጥላል፤ ሌላ ሥራ ይሥሩ። ካልተነፈሰች ክዳኑን ይክፈቱ።»

«ያቃጥላል» የምትለዋ የዋንጂሩ ናት። ሳስበው ከሁሉ የበለጠች ቃል እሷ ናት። ለሚስተር ጃያንት የሽፋኑን ነገር ሳነሳላቸው ግን እንደ ጥርስ ሕመምተኛ ፊታቸውን አኮማተሩ። ከብዙ ልመና በኋላ «ሽታ የሚቀንስ» ላይ ተስማማን።

ወረቀቱን አስረከብኩና በጓሮ በር ወጣሁ። የከሰል ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ጆሮዬ ሠርቶ አያውቅም። ክዳኑ ሲገጠም ሰማሁ። ጋዙ ሲለኮስ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። አሁን ዘነዘናውን ያነሱ ይሆን? ተነስቼ ተቀመጥኩ። አፏጨ። የእትዬ በለጡ ድምፅ መጣ፦ «አንድ ክንድ ራቅ በይ፣ ዋንጂሩ፣ ይላል እኮ!» ወዲያው እሳቱ ጠፋ። ጨው ጎድሏል ማለት ነው። አሁን ነው ቁርጡ። ይጠብቃሉ? አይጠብቁም? ጸጥታው ሲረዝምብኝ አላስቻለኝምና በመስኮቱ አጮለቅኩ።

እትዬ በለጡ የሁለተኛውን ወጥ እንቁላል እየላጡ ነበር። ወረቀቱ ከበርበሬው ቆርቆሮ ጋር ተደግፎ ቆሟል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«አንተ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። «ብርሃኔን ጋርደህብኛል፣ ዞር በልልኝ።»

ዞር አልኩ። ማፏጫዋ እፍ ስትል ሰማሁ፣ «ገና ነው፣ ያቃጥላል» ሲሉ ሰማሁ፣ ቢላዋ ድንች ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ቆይቶ ክዳኑ ያለ ትግል ተከፈተ። ከዚያ «እኔ አልቀምስም፣ ምላሴ ገና አልተመለሰም» የሚል የዋንጂሩ እሪታ መጣ። ሚስተር ጃያንት በጓሮው በር ብቅ ሲሉ ከጆንያው ላይ ተነሳሁ። ጃኬታቸው በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

«ማክሰኞ ስትመጣ ፓስፖርትህን ይዘህ ና» አሉኝና ወደ መኪናቸው ሄዱ። የማልቀስ ያህል ደስ አለኝ፤ ዋንጂሩ ብታየኝ በበርበሬው አሳብብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ያ ቅዳሜ እስኪያልፍ ድረስ የእኔ ሥራ ድርጅቱ ያለውን በጥሩ አማርኛ መጻፍ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው፣ ለገዢው ተቆርቋሪ ሆኖ ከድርጅቱ ጋር መጣላት ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም አይደለም። ድርጅቱ የሚፈራው ነገር አለ፣ ገዢው የሚፈልገው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚሉትን ሳይሆን ከሚሉት ሥር ያለውን ቆፍራችሁ ስታገኙት አብረው መኖር ይችላሉ። መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። እትዬ በለጡ መክፈት አልፈለጉም፣ ማሽተት ነው። ዋንጂሩም መዝጋት አልፈለገችም፣ እጅ እንዳይቃጠል ነው።

ስለዚህ የኔ ውዶች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካርቶን ስትከፍቱ ያችን ቀጭን መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ ግለጧት። ውስጧ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰዎች የተጣሉባት ትሆናለች። ማን ጻፋት ብላችሁ ግን አትጨነቁ፣ እኔም አልጨነቅም። ሥራዬ ማማሩን የማውቀው አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ሙያዋን ስትሠራ እኔ መኖሬ ትዝ ሳይላት ሲቀር ነው።